የመንገደኛ ማረፊያ፤ ከሐይቅ ደሴት እስከ ቦሌ አዳራሽ

በቋንቋችን አውሮፕላን የሚወርድበትና የሚነሣበት ሜዳ «የአውሮፕላን ማረፊያ» ይባላል። ይሁን እንጂ ማረፊያ የሚለው ቃል ለአውሮፕላን ከመነገሩ አስቀድሞ ለሰው የተነገረ ቃል ነው። ነጋዴ ጭነቱን አራግፎ የሚያድርበት ሰፈር፣ ተሳላሚ እግሩን የሚታጠብበት ደጅ፣ መልእክተኛ በቅሎውን የሚያስርበት ግቢ፣ ይህ ሁሉ ማረፊያ ሲባል ኖሯል። ዛሬ በታላላቆቹ የአውሮፕላን ጣቢያዎች ውስጥ «ላውንጅ» የተባለ፣ ምግብና መጠጥ የተሰናዳበት፣ ለስላሳ ወንበር የተደረደረበት የተለየ አዳራሽ እናገኛለን። ብዙ ሰዎች ይህን አዳራሽ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ነገር አድርገው ይመለከቱታል። በስሙና በዕቃው አዲስ መሆኑ እውነት ነው፤ ሥራው ግን ጥንታዊ ነው። መንገደኛን ማሳረፍና ማብላት በአገራችን ረጅም ታሪክ ያለው ጉዳይ ነውና።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የመንገደኛ ማረፊያን ታሪክ ከአንድ አገር ተነሥተን ልንመረምር አስበናል። የመረጥነውም በደቡብ ወሎ የሚገኙትን ሐይቅንና አምባሰልን ነው። ስንመረምርም ሦስት ጥያቄዎችን ከእጃችን አንለቅም። ወደ ማረፊያው የሚገባው ማን ነው? የሚበላውን የሚያቀርበው ማን ነው? በደጅ የሚቀረውስ ማን ነው?

የሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ከዚያ የሚቀጥለው መንገድ የአምባሰልን ተራሮች ይዞ ወደ ውጫሌ፣ ከውጫሌም ወደ ወልድያና ወደ ትግራይ ያልፋል። በአምባሰል ውስጥ ቀድሞ የነገሥታት ልጆች ይጠበቁበት የነበረው የግሸን አምባ አለ። ሰሜኑን ከሸዋ የሚያገናኘው መንገድ በዚህ አገር ስለሚያልፍ፣ የሐይቅና የአምባሰል ሕዝብ ንጉሥና ወታደር፣ መነኵሴና ደረሳ፣ ነጋዴና ተሳላሚ በደጁ ሲተላለፍ ሲያይ ኖሯል። እንግዳ መቀበል ለዚህ ሕዝብ በየዕለቱ የሚያጋጥም ሥራ ነበረ ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

፩ በፈቃድ የተሰጠ ማረፊያ

በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አባ ኢየሱስ ሞዐ በደብረ ዳሞ ከተማሩ በኋላ ወደ ሐይቅ መጥተው በደሴቱ ላይ የቅዱስ እስጢፋኖስን ገዳም አቋቋሙ። ገዳሙም ከጥቂት ጊዜ በኋላ የትምህርትና የመጻሕፍት ቤት ሆነ። በኋላ ስማቸው የገነነው አቡነ ተክለ ሃይማኖት በዚያ ከተማሩት አንዱ ናቸው። የገዳሙም አለቃ ዐቃቤ ሰዓት በሚል ማዕርግ በነገሥታቱ ዘንድ የታወቀ ሥልጣን ነበረው።

ተማሪ ከሩቅ የሚመጣበት ቦታ የግድ እንግዳ የሚያርፍበት ቦታ ነው። በገዳማት ሥርዓት እንግዳ ተቀባይ ራሱን የቻለ አገልግሎት ሆኖ ይኖራል፤ የመጣው ሰው እግሩን ታጥቦ፣ ከማኅበሩ እህል ቀምሶ እንዲያድር ይደረጋል። የሚቀርበውም ዳቤ፣ ቆሎ፣ ንፍሮ፣ ካለም ጠላ ነው። በዚህ ምግብ ላይ ምቾት የሚለውን ቃል ብናኖርበት የሚስቅ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ በእግሩ የተጓዘ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚሻው ውሃ፣ መቀመጫና የማያሳፍር ፊት መሆኑን የተጓዘ ሁሉ ያውቀዋል።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1520 ዓመተ ምሕረት ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ምጽዋ ወርዶ ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የተጓዘው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ይህን ሐይቅ አይቶ ጽፎለታል። በደሴቲቱ ላይ የእስጢፋኖስ ገዳም እንደ ነበረ፣ ብዙ መነኰሳት እንደ ኖሩበት፣ ብርቱካን፣ ሎሚና ትርንጎ እንደ በቀለበት፣ ሰዎችም ከደንገል በተሠራና ትልልቅ ቅል በታሰረበት ታንኳ እንደ ተመላለሱ ይነግረናል። ከምጽዋ ጀምሮ ወራት የፈጀ መንገድ ለመጣ ሰው በውሃ መካከል የቆመ የሎሚ ዛፍ ሳይጻፍ የሚታለፍ ነገር አልነበረም። ዛሬ ያ ደሴት ከየብሱ ጋር ተያይዞ በእግር የሚገባበት ሆኗል።

ሆኖም ጥያቄያችንን እናስታውስ። ይህ ማረፊያ ለሁሉ አልተከፈተም፤ እንደ ገዳሙ ሥርዓት ሴቶች ወደ ውስጥ አይገቡም። ቸርነትም የራሱ ደጅ እንዳለው ከዚህ እንረዳለን። በሌላ በኩል የግሸን ማርያም በዓል በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ሲከበር፣ ወንድ ሴት ሳይለይ፣ በሶውንና ዳቦ ቆሎውን በስልቻ ይዞ ወደ መስቀለኛው አምባ የሚወጣው ተሳላሚ በአምባሰል ሰው ደጅ ውሃ ሲጠይቅና ጥላ ሲለምን ኖሯል።

በወሎ የእስልምና ትምህርት ቤቶችም ዘንድ ተመሳሳይ ልማድ እናገኛለን። እንደ ዳና፣ እንደ ጌታና እንደ ጀማ ንጉሥ ባሉት ቦታዎች ደረሳው ከየአገሩ እየመጣ ሲማር፣ የሚበላው ከሸኾቹ ማዕድና ከአካባቢው ሕዝብ ስጦታ ነበር። ለዚያራ የመጣውም ሰው ቡናና ምግብ ሳይቀምስ አይመለስም። ክርስቲያኑ እንግዳ ተቀባይነትን ሲያስብ የአብርሃምን ቤት ይጠቅሳል፤ ሙስሊሙም ለእንግዶቹ ጥጃ ያቀረበውን ነቢዩ ኢብራሂምን ያነሣል። ስሙ አንድ፣ ታሪኩም አንድ ነው።

ከገዳሙና ከሐድራው ቀጥሎ የሚመጣው የገበሬው ጎጆ ነው። ሲመሽ ከአጥር ውጭ ቆሞ «ቤቶች! የመሸብኝ እንግዳ ነኝ» የሚለው መንገደኛ «ቤት ለእንግዳ» የሚል መልስ ሰምቶ ይገባል። በወሎ ክርስቲያንና ሙስሊም ተዋልዶና ተጎራብቶ ስለሚኖር፣ ባለቤቱ ለእንግዳው ምን እንደሚያቀርብ ብቻ ሳይሆን በምን ዕቃ እንደሚያቀርብም ያስባል። ለሌላው ሃይማኖት እንግዳ ድስቱን ለብቻ የሚያኖር፣ ከብቱንም የእንግዳው ወገን እንዲያርደው የሚያደርግ ቤት ብዙ ነው። ጠላ የማይጠጣው ብርዝ ወይም ቀሪቦ ይቀርብለታል፤ የሚጾመው የጾም ወጥ ይሠራለታል። እንግዳን ማክበር ማለት የእንግዳውን ሕግ ማክበር መሆኑን ይህ ሕዝብ ያለ አስተማሪ ተረድቶታል።

፪ በትእዛዝ የቀረበ ማዕድ

ነገር ግን የመንገደኛን ታሪክ በጎ ጎኑን ብቻ ብንጽፍ እውነቱን ግማሽ እናደርገዋለን። በዚሁ መንገድ ላይ በፈቃድ የሚሰጠው ማዕድ ብቻ አልተበላም። በንጉሥ ወይም በሹም ትእዛዝ ለመልእክተኛና ለክቡር እንግዳ የሚቀርብ ስንቅ ነበረ፤ ስሙም ድርጎ ይባላል። እንጀራው፣ ጠጁ፣ በጉና ማሩ ከየመንደሩ ተሰብስቦ ወደ እንግዳው ድንኳን ይሄዳል። እንግዳውም በንጉሡ ቸርነት እንደ ተስተናገደ ጽፎ ወደ አገሩ ይመለሳል። የገበሬው ስም በጽሑፉ ውስጥ የለም። አልቫሬስ ራሱ ስለ ጭነትና ስለ ስንቅ ከአገሬው ሰው ጋር ይነሣ የነበረውን ጠብ ሳይደብቅ ጽፏል፤ ከዚህም የምንረዳው የታዘዘው ሁሉ በደስታ እንዳልሰጠ ነው።

ከድርጎውም የከፋው የወታደር ማደሪያ መሆን ነበር። ሠራዊት በሚያልፍበት አገር ወታደሩ በገበሬው ቤት ይመራል፤ ያለውን በልቶ፣ የሌለውንም አምጣ ብሎ ያድራል። መንገድ ዳር መኖር በሰላም ቀን ገበያ፣ በዘመቻ ቀን ግን ጥፋት ነበር። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ክፉ ቀን የተባለው ረኀብ አገሪቱን ካራቆተ በኋላ፣ ዐፄ ምኒልክ ወታደሩ በገበሬው ቤት መመራቱ ቀርቶ ከእህሉ አሥራት እየተሰበሰበ በጎተራ እንዲቀመጥና ሠራዊቱ ከዚያ እንዲቀለብ ደነገጉ። ይህ ድንጋጌ በመንገደኛ ማረፊያ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ ሊሰጠው ይገባል። የተራበ ገበሬ እንግዳ ሊያሳድር እንደማይችል መንግሥት ያመነበት ነውና።

ስለ ውጭ እንግዳ ከተነሣ ውጫሌን ሳንጠቅስ ማለፍ አይቻልም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በአምባሰል ምድር ከኢጣልያ ጋር ውል ተፈረመ፤ የኢጣልያ መልእክተኛ የነበረውም ቆንት ፒየትሮ አንቶኔሊ ነው። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው አንድ፣ በኢጣልያንኛው ሌላ ትርጉም ይዞ በመገኘቱ ነገሩ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ አመራ። ማዕድ መቅረብ ለመልእክተኛው የሚገባው ክብር ነው፤ የመልእክተኛውን ልብ የሚያሳይ ግን አይደለም።

በዚሁ በወሎ፣ በደሴ ከተማ፣ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» ይባላል። ስሙ ማንንም አይንቅም፣ ማንንም አይጸየፍም ማለት ነው። ግብር የሥልጣን ማሳያ እንደ ነበረ አንዘነጋም። ሆኖም አንድ ገዥ አዳራሹን ሊያስመሰግን ሲፈልግ ስለ ውበቱ ወይም ስለ ስፋቱ ሳይሆን ስለሚቀበለው ሰው ብዛት የሚናገር ስም መምረጡ ሊስተዋል ይገባዋል። የማረፊያ ክብር የሚለካው በሚያስገባው ሰው ነው የሚል አሳብ በዚህ ስም ውስጥ አለ።

፫ ጎዳናውና አውሮፕላኑ

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ኢጣልያኖች አዲስ አበባን በደሴ በኩል ከአሥመራ ጋር የሚያገናኘውን የመኪና መንገድ ሠሩ። መንገዱ የተሠራው ለጦርነት ነበረ፤ ከነጻነት በኋላ ግን የሕዝብ መጓጓዣ ሆነ። አውቶቡስ ሲመጣ የእንግዳው ልማድ ተለወጠ። መንገደኛው «ቤቶች» ማለቱን ትቶ በምግብ ቤት ደጅ ይወርዳል፤ እንጀራውን፣ በሐይቅም ከተማ የተጠበሰውን ዓሣ በልቶ፣ ሒሳቡን ከፍሎ ይሄዳል። በዚህ ለውጥ የሚያዝኑ አሉ። እኛ ግን አንድ በጎ ነገር እናይበታለን። ገንዘብ የከፈለ መንገደኛ የማንንም ጎተራ አላራቆተም፤ የምግብ ቤቷም ባለቤት በድካሟ ዋጋ ልጆቿን አሳድጋለች።

የዚህ ለውጥ መራራ ገጽ የታየው በ1965 ዓ.ም. ነው። በወሎ ረኀብ በጸና ጊዜ የተራቡ ገበሬዎች ከየቀበሌያቸው ወደ ዋናው ጎዳና ወጥተው አውቶቡስና መኪና እያስቆሙ ምግብ ለመኑ። ለዘመናት ለመንገደኛ እህል ሲያቀርብ የኖረ ሕዝብ ከመንገደኛ እህል ጠየቀ። በመስኮቱ ወዲህ ስንቁን የያዘ ተሳፋሪ፣ በመስኮቱ ወዲያ እጁን የዘረጋ ገበሬ ነበረ። ስለ መንገደኛ ምቾት የሚጽፍ ሁሉ ይህን ዓመት ዘልሎ ሊያልፈው አይገባውም።

በዚያው ጊዜ ሌላው መንገድ በሰማይ ተከፍቶ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት የመጀመሪያ ጉዞውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ሥራውን የጀመረባቸው አውሮፕላኖች ለጦርነት የተሠሩ ዳግላስ የተባሉት ነበሩ። ተሳፋሪው በግድግዳው ጥግ በተዘረጋ ተጣጣፊ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ ጭነቱም በመካከል በገመድ ታስሮ ይሄዳል። የልደታው ሜዳ ለጄት አውሮፕላን ስላልበቃ የቦሌ ማረፊያ ተሠራ፤ አየር መንገዱም በ1955 ዓ.ም. በቦይንግ ጄት መብረር ጀመረ። ለሐይቅና ለአምባሰል ሰው ቅርቡ የአውሮፕላን ሜዳ ከደሴ በታች በኮምቦልቻ የሚገኘው ነው። በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው መንገድ በአየር ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ ሆነ።

፬ የአዳራሹ ደጅ

አውሮፕላን ጉዞውን ቢያሳጥርም መጠበቅን አላስቀረም። እንዲያውም አዲስ ዓይነት መጠበቅ አመጣ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1943 ዓመተ ምሕረት በአየርላንድ አገር፣ ፎይንስ በተባለው የባሕር አውሮፕላን ጣቢያ፣ አውሮፕላናቸው በክፉ አየር ምክንያት ከመንገድ ለተመለሰባቸው መንገደኞች ጆ ሸሪዳን የተባለው ወጥ ሠሪ ትኩስ ቡና ከዊስኪ ጋር አሰናድቶ እንደ አቀረበላቸው ይነገራል። ለበረደው እንግዳ የሚያሞቅ ነገር ማቅረብ በሐይቅም በአየርላንድም አንድ ዓይነት ደግነት ነው።

የላውንጅ መነሻ ግን ከዚህ ይለያል። አሜሪካን ኤርላይንስ የተባለው ኩባንያ በ1939፣ በዚያው በአውሮፓ አቈጣጠር፣ በኒው ዮርክ ላጋርዲያ ጣቢያ «አድሚራልስ ክለብ» የሚባለውን አዳራሽ ከፈተ። ወደ አዳራሹ ይገባ የነበረው ኩባንያው የመረጠውና የጠራው ሰው ብቻ ነበር። በኋላ ግን እንዲህ ያሉት ክለቦች ዓመታዊ ክፍያ ለሚከፍል ሁሉ ተከፈቱ። ይህ ታሪክ ከድርጎው ወደ ምግብ ቤቱ ከተደረገው ለውጥ ጋር ይመሳሰላል፤ በሹም ፈቃድ ይገኝ የነበረው በዋጋ የሚገኝ ሆነ። ዋጋ ጨካኝ ነው ይባላል፤ ነገር ግን ዋጋው በግልጽ የተጻፈ ደጅ፣ የጌታውን ፊት አይቶ ከሚከፈተው ደጅ ይሻላል።

በቦሌም ዛሬ ይህ ዓይነቱ አዳራሽ አለ። አዲሱ የመንገደኞች ሕንጻ በ1995 ዓ.ም. ተከፍቶ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ሰፍቶ ተመርቋል። የአየር መንገዱ ላውንጅ ከሌሎች አገሮች የሚለይበት መልካም ጠባይ አለው፤ እንጀራ ከነወጡ ይቀርባል፣ ቡናም በጀበና ይፈላል። የአገሩ ሽታና ጣዕም ለተላላፊው እንግዳ መድረሱ ያስመሰግናል። ወደዚያ የሚገባው ግን የከፍተኛ ማዕርግ ቲኬት ያለው፣ ወይም ብዙ በመብረሩ የአባልነት ደረጃ ያገኘ ሰው ነው። አየር መንገድ የንግድ ድርጅት በመሆኑ የበለጠ ለከፈለው የበለጠ ቢያቀርብ አንነቅፈውም።

የምንጠይቀው ስለ ሌላው መንገደኛ ነው። ከሐይቅ፣ ከአምባሰልና ከደቡብ ወሎ ሌሎች ወረዳዎች ብዙ ወጣቶች፣ በተለይም ሴቶች ልጆች፣ ለሥራ ወደ ዓረብ አገሮች ይጓዛሉ። ከእነዚህ ለአብዛኞቹ ቦሌ ከአውሮፕላን ጋር የሚተዋወቁበት የመጀመሪያ ቦታ ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ሠራተኞችን ባስወጣች ጊዜ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ደቡብ ወሎም ብዙ ልጆቹን ከተቀበሉት አገሮች አንዱ ነበረ። ብዙዎቹ ሻንጣ እንኳ አልያዙም። ለእነዚያ መንገደኞች የውሃ ጠርሙስ፣ መቀመጫና የትውልድ አገራቸውን ስም ጠይቆ መንገድ የሚያሳይ ሰው ከማናቸውም ለስላሳ ወንበር የበለጠ ምቾት ነበር። እነዚህ ልጆች፣ አባቶቻቸው «ቤት ለእንግዳ» ሲሉ የሰሙ፣ በራሳቸው አገር ደጅ እንደ እንግዳ የቆሙ ናቸው።

እንግዲህ ካለፈው ታሪክ ሦስት ዓይነት ማረፊያ አይተናል። በፈቃድ የሚሰጠው ከሁሉ የተከበረ ነው፤ ነገር ግን በሰጪው ጎተራ ልክ የተወሰነ ነው። በትእዛዝ የሚቀርበው ለእንግዳው ያማረ፣ ለአቅራቢው የከበደ ነበር። በዋጋ የሚገኘው ገበሬውን ከሸክም አሳርፎታል፤ የማይከፍለውን ግን በደጅ ይተዋል። ከሦስቱ አንዱን ብቻ መርጠን ሌላውን እንጣል ማለታችን አይደለም። ዘመኑ የዋጋ ዘመን ነው፤ ላውንጁም ይኑር፣ ይስፋም።

ሆኖም ቲኬት የገዛ መንገደኛ ሁሉ፣ የወንበሩ ማዕርግ ምንም ቢሆን፣ የሚጠጣ ውሃ፣ ወለል ያልሆነ መቀመጫ፣ ንጹሕ መጸዳጃና መስገጃ፣ ለጾመኛውም ለሙስሊሙም የሚሆን በመጠነኛ ዋጋ የሚሸጥ ምግብ፣ በቋንቋውም የሚመልስለት ሰው ሊያገኝ ይገባዋል። የአምባሰል ገበሬ ለማያውቀው ሰው ይህን ያህል ሲያደርግ ዋጋ አልጠየቀም፤ ዋጋ የተቀበለ ድርጅትና ጣቢያ ከዚያ ሊያንስ አይችልም።

በመንግሥት ሥራ ላይ ለምንገኝ ሰዎች ደግሞ የድርጎ ታሪክ የተለየ ትምህርት አለው። በሥራ ምክንያት ስንጓዝ በክብር አዳራሽ የምንጠጣው ቡና ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ከአንድ ሰው ጎተራ፣ ከአንድ ሰው ግብር የመጣ ነው። ያ ሰው በቀደመው ዘመን ስሙ አልተጻፈም፤ ዛሬም በሒሳቡ ደረሰኝ ላይ አይገኝም። መምህራንና ተማሪዎችም በየአገራቸው ያሉትን ሽማግሌዎች ስለ እንግዳ አቀባበል፣ ስለ ድርጎና ስለ ክፉ ቀን እየጠየቁ ቢጽፉ፣ የማዕዱን ታሪክ ከበላው ሰው አፍ ብቻ ሳይሆን ካቀረበው ሰው አፍ ለመስማት እንችላለን።